ሁለተኛው ዓምድ፦ የድብርት የንግግር ሕክምና ታሪክና የስሜት ብቃት በወንዶችና በሴቶች

መግቢያ

በቅርብ ዓመታት ድባቴ እየተባለም የሚጠራው የድብርት ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል በብዛት እንደሚታይ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ይኸው ድርጅት ለ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በዚያ ዓመት ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ሞተዋል፤ መጠኑም ከ100,000 ወንዶች 12.6፣ ከ100,000 ሴቶች ደግሞ 5.4 ነበር። ራስን ለማጥፋት የሚዳርጉ ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ድብርት ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሐኪም እንግዲህ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም። በሕመሙ የሚመዘገቡት ሴቶች፣ የሚሞቱት ግን ወንዶች የሚበዙት ስለምንድን ነው?

ጥያቄው አንድ ብቻ መልስ የለውም። የመጠጥ ልማድ፣ ከሰው መነጠል፣ እርዳታ ለመጠየቅ ማፈር ሁሉም ድርሻ ድርሻ አላቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ብዙ ጊዜ በማይነሣው በአንዱ ላይ ነው፤ እርሱም ሰው የራሱን ስሜት ለማወቅ፣ በስም ለመጥራት፣ ለሌላ ለመግለጽና ለመምራት ያለው ችሎታ ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ችሎታ የስሜት ብቃት ይሉታል። ብቃቱ በድብርት ሕክምና ውስጥ ያለውን ቦታ ለመረዳት፣ ከንግግር ሕክምናዎች ሁሉ ይበልጥ የተጠናውን፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ታሪክ መከተል ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕልም ጥናት የተነሣ ሕክምና

የዚህ ሕክምና መሥራች ዶክተር አሮን ቤክ በ1921 በአሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ከአይሁዳውያን ስደተኞች ቤተሰብ ተወለዱ። እናታቸው እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ልጆች ሞተውባቸው በከባድ ሐዘን የቆዩ ሴት ነበሩ። ዶክተር ቤክ በ1946 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በ1954 ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚመራው በሲግመንድ ፍሮይድ ትምህርት ነበር። ፍሮይድ በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍ የተነሣም ድብርት ማለት በሌላ ሰው ላይ ያደረ ቁጣ ወደ ራስ ሲዞር የሚፈጠር ሕመም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዶክተር ቤክም በዚሁ ትምህርት የሠለጠኑ ስለነበሩ ትምህርቱን በጥናት ለማረጋገጥ ተነሡ።

የመረጡት መንገድ ሕልም ነበር። የተደበቀ ቁጣ ካለ በሕልም ይገለጣል ብለው የድብርት ሕሙማንን ሕልሞች ሰብስበው ከሌሎች ሕሙማን ሕልሞች ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት ግን የጠበቁትን አልነበረም። ሕልሞቹ በቁጣ ፋንታ በማጣት፣ በመሸነፍና በመገፋት የተሞሉ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ይህን ሕሙማኑ ሳያውቁት መከራን ይሻሉ ብለው ተረጎሙት። ኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ሕሙማኑ የተሰጣቸው ቀላል ሥራ ሲሳካላቸው ስሜታቸው ሲሻሻል ታየ፤ መከራን የሚሻ ሰው ደግሞ በስኬት ሊጽናና አይገባውም ነበር። ስለዚህ ዶክተር ቤክ ቀለል ያለውን ማብራሪያ ተቀበሉ። ሕልሙ የሚናገረው ሕመምተኛው በቀንም ስለ ራሱ የሚያስበውን ነው አሉ።

በሕክምና ክፍላቸውም ሌላ ነገር አስተዋሉ። ሕሙማን ወደ አእምሯቸው የመጣውን ሁሉ ሳያስቀሩ እንዲናገሩ በሚደረግበት ሰዓት እንኳ፣ ከሚናገሩት ጎን ለጎን የሚሮጥ ያልተነገረ ሃሳብ ነበራቸው። ሐኪሙን እያሰለቸሁት ነው፣ ዋጋ የለኝም የሚል ዓይነት ፈጣንና ሳይጠሩት የሚመጣ ሃሳብ ነው። ሐዘኑና ፍርሃቱ ይህን ሃሳብ ተከትሎ ይመጣል። ዶክተር ቤክ በ1961 እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን 21 ጥያቄዎች ያሉትን የድብርት መለኪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። በ1963ና በ1964 ባወጧቸው ጽሑፎችም ድብርት የስሜት ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ ሕመምም መሆኑን፣ ሕመምተኛው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ መጪው ጊዜ ያለው አመለካከት እንደሚጨልም አስረዱ። በኒው ዮርክ አልበርት ኤሊስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከእርሳቸው ተለይተው ወደ ተመሳሳይ ሃሳብ ደርሰው ነበር። በ1979 ዶክተር ቤክ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የድብርት ሕክምና መጽሐፍ ዘዴውን ማንም የሠለጠነ ባለሙያ ሊከተለው በሚችል መልክ አቀረበው።

የሠንጠረዡ ምሥጢር

የዘዴው ዋና መሣሪያ ሕመምተኛው በየዕለቱ የሚሞላው ሠንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የሆነውን ነገር ይጽፋል። በሁለተኛው የተሰማውን ስሜትና የስሜቱን ብርታት ከመቶ ይመዘግባል። በሦስተኛው በዚያች ቅጽበት በአእምሮው ያለፈውን ሃሳብ፣ በአራተኛው ለሃሳቡ የሚሰጠውን ሚዛናዊ መልስ፣ በመጨረሻው ደግሞ ከዚያ በኋላ ስሜቱ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይጽፋል።

ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሰላምታ ሳይሰጠው አለፈው እንበል። በሁለተኛው ዓምድ ሐዘን 80 ብሎ ይጽፋል። በሦስተኛው ሊያባርረኝ አስቧል የሚለውን ሃሳቡን ያሰፍራል። ከዚያም ሃሳቡን የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ ከሐኪሙ ጋር ይመዝናል። ኃላፊው በዚያ ጠዋት ማንንም ሰላም አላለም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሥራውን አመስግኗል። ሐዘኑ ወደ 40 ይወርዳል። ሕክምናው ሕመምተኛውን በባዶ ተስፋ የሚያጽናና ሳይሆን ሃሳቡን እንደ መላ ምት እንዲፈትን የሚያሠለጥን ነው።

የአስተሳሰብ ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ቀለም የሚፈሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓምድ ላይ ነው። ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ግን ሁለተኛው ነው። ስሜቱ ከፍ ያለበትን ቅጽበት ያልለየ ሰው የትኛውን ሃሳብ መፈተን እንዳለበት አያውቅም። ዘዴው እንግዲህ ከመነሻው አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ሕመምተኛው ምን እንደ ተሰማው ያውቃል፣ ስሙንም ይጠራል ብሎ።

የሙከራ ዓመታት

በ1957 ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን የኢሚፕራሚንን ፀረ ድብርት ኃይል ካስታወቁ ወዲህ፣ ማንኛውም አዲስ ሕክምና ከዚህ መድኃኒት ጋር መመዘን ነበረበት። በ1977 የታተመው የፊላደልፊያ ሙከራ 41 ሕሙማንን ለ12 ሳምንታት አወዳድሮ የንግግር ሕክምናው ከኢሚፕራሚን እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚልቅ ዘገበ። ብዙዎች ይህን ማመን አቃታቸው። በ1989 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሙከራ 250 ሕሙማንን በዕጣ በአራት ክፍሎች መደበ። በጠቅላላው በሕክምናዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ በጽኑ በታመሙት ላይ ግን መድኃኒቱ የተሻለ መስሎ ታየ፤ በዚህም የተነሣ ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቀጠለ። በ2005 የወጣው የ240 ሕሙማን ጥናት በመካከለኛና በከፍተኛ ደረጃ በታመሙት ላይ ሁለቱ ሕክምናዎች በ16 ሳምንታት ተመጣጣኝ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። ከተሻላቸው በኋላ በተደረገው የአንድ ዓመት ክትትል መድኃኒቱን ካቆሙት መካከል 76 ከመቶ፣ የንግግር ሕክምናውን ከጨረሱት መካከል ግን 31 ከመቶ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ሕመምተኛው የተማረው ችሎታ ሕክምናው ካበቃም በኋላ አብሮት ይቆያል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የጾታ ጉዳይ በጥያቄነት የተነሣው ዘግይቶ ነው። በ1994 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ የተደረገ ጥናት 40 ወንዶችንና 44 ሴቶችን በዚሁ ሕክምና ተከታትሎ በአጠቃላይ ተመሳሳይ መሻሻል አገኘ፤ ሆኖም በጽኑ የታመሙት፣ በተለይም ሴቶቹ፣ መሻሻላቸው ያነሰ ነበር። በ2014 ደግሞ የ14 ሙከራዎችን የ1,766 ሕሙማን መረጃ በአንድነት የመረመረ ጥናት፣ ሕመምተኛው ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ከንግግርና ከመድኃኒት ሕክምና የትኛው እንደሚሻለው እንደማያመለክት ደመደመ።

ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የሚናገረው በሩን አልፈው ስለ ገቡት ብቻ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ1989 ሙከራ ውስጥ ከአሥሩ ሕሙማን ሰባቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። ያልመጡት ወንዶች በየትኛውም ሙከራ አልተቆጠሩም።

ባዶ የሚቀር ዓምድ

ዶክተር ቤክ በፊላደልፊያ ሃሳብን በሚያጠኑበት ዘመን፣ በቦስተን ከተማ ዶክተር ፒተር ሲፍኒዮስ ሌላ ዓይነት ሕሙማን አስቸግረዋቸው ነበር። ሕሙማኑ የአካል ሕመማቸውን በዝርዝር ይናገራሉ፤ የሆነውን ነገር ከነሰዓቱ ያስታውሳሉ። ምን ተሰማዎ ተብለው ሲጠየቁ ግን መልስ ያጣሉ፤ ወይም የተሰማቸውን ሳይሆን ያደረጉትን ይናገራሉ። ዶክተር ሲፍኒዮስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ሁኔታ ከግሪክኛ ቃላት አሌክሲታይሚያ የሚል ስም አወጡ፤ ትርጉሙም ለስሜት ቃል ማጣት ነው። በ1999 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ሁኔታው በሕዝቡ መካከል በ17 ከመቶ ወንዶችና በ10 ከመቶ ሴቶች ላይ እንደሚገኝ አሳየ።

ይህ በሽታ አይደለም፤ የሁሉም ወንዶች ጠባይም አይደለም። ከሴቶችም መካከል ብዙዎች ይህ ችግር አለባቸው። ከዚህም በላይ ድብርት ራሱ ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ ሲለቅ ቃሉም በከፊል የሚመለስላቸው አሉ። ሆኖም አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሮናልድ ሌቫንት እንዳስረዱት፣ ወንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፍርሃቱንና ሐዘኑን እንዲደብቅ ሲገሠጽ ካደገ፣ ስሜቱን ከመግለጽ አልፎ ማወቁንም ሊተው ይችላል። ያልተከለከለው ስሜት ቁጣ ብቻ ስለሆነ የቀሩት ሁሉ በቁጣ በኩል ይወጣሉ።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የዶክተር ቤክ ሠንጠረዥ ሲሰጠው ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ይተወዋል፤ ወይም ምንም ብሎ ይጽፋል። ያልሠለጠነ ሐኪም ይህን እንደ እምቢተኝነት ይቆጥረዋል። እምቢተኝነት ሳይሆን ያልተማሩት ቋንቋ ነው።

ሞልቶ የሚፈስ ዓምድ

የስሜት ብቃት ማለት ግን ስለ ስሜት ብዙ ማሰብ ወይም ብዙ መናገር ብቻ አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 2013 የኖሩት አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ናቸው። በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ሴቶች በድብርት የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ሐዘናቸውን የሚይዙበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ወንዶች ሐዘን ሲሰማቸው በሌላ ነገር ራሳቸውን የመጥመድ፣ ሴቶች ደግሞ ሐዘኑን ይዞ የማብሰልሰል ዝንባሌ አላቸው። ለምን ይህ ደረሰብኝ፣ ለምን እንዲህ ሆንኩ እያሉ ያለ መውጫ መመላለስ ማለት ነው።

ሃሳባቸው ባልታሰበ አጋጣሚ ተፈተነ። በጥቅምት 1989 የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ በካሊፎርኒያ ሲደርስ፣ ከሁለት ሳምንት ቀደም ብለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የስሜት አያያዝ በመጠይቅ ለክተው ነበር። ከአደጋው በኋላ በድጋሚ ሲጠይቋቸው፣ ቀድሞ የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ በድብርት ምልክቶች ተይዘው ተገኙ።

በሴቶች ላይ ለሚበዛው ድብርት ድህነት፣ ጥቃት፣ የሥራ ጫናና የወሊድ ወቅት ለውጦች ያላቸው ድርሻ ከባድ በመሆኑ ሁሉን በማብሰልሰል ማሳበብ ስሕተት ነው። ለሕክምናው ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። እዚህ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ አይደለም፤ ሞልቶ ወደ ሌሎቹ ዓምዶች ፈሷል። ሕመምተኛዋ ስሜቷን ታውቃለች፤ የጎደላት ከስሜቱ የመውጫው መንገድ ነው። በእንግሊዝ ኤድዋርድ ዋትኪንስና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት የ42 ሕሙማን ሙከራ፣ የማብሰልሰል ልማድን ዒላማ ያደረገ የአስተሳሰብ ሕክምና ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲጨመር የቀሩትን የድብርት ምልክቶች ይበልጥ እንደሚቀንስ ታየ። በዚህ ዘዴ ሕመምተኛው ለምን ከሚለው ጥያቄ ወጥቶ አሁን እንዴት፣ የቱን እርምጃ ወደሚለው እንዲሻገር ይለማመዳል።

የጎትላንድ ትምህርት

ወደ በሩ ስላልደረሱት ወንዶች ከሁሉ የበለጠ ያስተማረችው በባልቲክ ባሕር የምትገኘው የስዊድን ደሴት ጎትላንድ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 56,000 ያህል ሕዝብ የነበራት ይህች ደሴት ራስን በማጥፋት የሚሞቱ ሰዎች የሚበዙባት ነበረች። በ1983ና በ1984 የደሴቲቱ ጠቅላላ ሐኪሞች ድብርትን ስለ መለየትና ስለ ማከም ሰፊ ሥልጠና ተሰጣቸው። ውጤቱ ፈጣን ነበር። ራስን የማጥፋት መጠን በ1982 ከ100,000 ሰዎች 19.7 ከነበረበት በ1985 ወደ 7.1 ወረደ። ሥልጠናው ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ መጠኑ ወደ ነበረበት ተጠጋ።

የጥናቱ መሪ ዶክተር ቮልፍጋንግ ሩትስ አኃዞቹን በጾታ ሲለዩ ግን ያልጠበቁትን አገኙ። የቀነሰው በአመዛኙ የሴቶች ሞት ነበር፤ የወንዶቹ ሊለወጥ ምንም አልቀረበም። ራሳቸውን ካጠፉት ወንዶች አብዛኞቹን ሐኪሞቹ አያውቋቸውም ነበር፤ ፖሊስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ግን ያውቋቸው ነበር። ሰዎቹ ሳይታዩ አልቀሩም፤ የታዩት ግን በጠብ፣ በመጠጥና በሥርዓት ጉድለት ነበር። ሐኪሞቹ የሠለጠኑት የሚያለቅስን ሰው ለመለየት ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች አላለቀሱም። ከዚህ ልምድ በመነሣት ንዴትን፣ ትዕግሥት ማጣትን፣ የመጠጥ ብዛትንና ድካምን የሚጠይቅ የጎትላንድ የወንዶች ድብርት መለኪያ ተዘጋጀ።

በመመርመሪያ መመሪያዎችም ዘንድ የተመሳሳይ ጉድለት ታሪክ አለ። በ1980 የወጣው ሦስተኛው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በድብርት ስሜት መግለጫዎች ውስጥ ንዴትን ጨምሮ ነበር። በ1987 የተሻሻለው እትም ግን ንዴትን ለሕፃናትና ለወጣቶች ብቻ ወሰነው። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ5,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ሲመረምር ከተለመዱት ምልክቶች ጋር ንዴትን፣ መጠጥንና ለአደጋ የሚያጋልጥ ድርጊትን አብሮ ቆጠረ። በዚህ አቆጣጠር መመዘኛውን ያሟሉት ወንዶች 30.6፣ ሴቶች 33.3 ከመቶ ሆኑ፤ የታወቀው ሰፊ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህ ማለት የተቆጣ ወንድ ሁሉ የድብርት ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ንዴትንም መቁጠር ራሱን የቻለ የመሳሳት አደጋ አለው። ነገር ግን መመዘኛችን የምናገኘውን ሰው እንደሚመርጥልን ያስታውሰናል።

ስሜትን ማስተማር

ስሜትን የመለየት ችሎታ በተፈጥሮ የተሰጠ ነው ወይስ ሊማሩት የሚቻል? ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር በ1990 ስለ ስሜት ብልህነት፣ ካሮሊን ሳርኒም በ1999 ስለ ስሜት ብቃት እድገት የጻፉት፣ ችሎታው በልጅነት የሚገነባ፣ በኋላም የሚዳብር መሆኑን አመለከቱ። በድብርት ሕክምና ላይ ግልጹ ማስረጃ የመጣው ከጀርመን ነው። በ2013 ማቲያስ በርኪንግና ባልደረቦቻቸው በሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ 432 የድብርት ሕሙማንን አጠኑ። ከአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናው ላይ የተወሰነውን ጊዜ ስሜትን የማወቅ፣ የመሰየም፣ የመታገሥና የመለወጥ ሥልጠና የተሰጣቸው ሕሙማን ድብርታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ። ዶክተር ቤክ ሕመምተኛው ይዞት ይመጣል ብለው የገመቱት ችሎታ ራሱ የሕክምናው ክፍል ሊሆን ቻለ።

ከአፍሪካም የሚጠቀስ ልምድ አለ። በ2003 ውጤቱ የታተመው የኡጋንዳ ሙከራ በማሳካና በራካይ ወረዳዎች በ30 መንደሮች የተካሄደ ነው። የተሰጠው በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሌላ ዓይነት የንግግር ሕክምና ቢሆንም ሁለት ትምህርቶች አሉት። አንደኛ፣ ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ሕዝቡ ራሱ ሕመሙን በየትኛው የአገሬው ቃል እንደሚጠራ በመጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ወንዶችና ሴቶች በየጾታቸው በተለያዩ ቡድኖች ተሰብስበው፣ ከአካባቢያቸው በወጡና አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሰዎች ተመሩ። በመጨረሻ የድብርት መመዘኛን የሚያሟሉት ሕክምናውን ካገኙት 6.5 ከመቶ፣ ካላገኙት ግን 54.7 ከመቶ ነበሩ።

ለእኛ ሐኪሞች ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የባለሙያዎች ቁጥር ቢጨምርም፣ አብዛኛው የድብርት ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠቅላላ ሐኪምን፣ የጤና መኮንንን ወይም ነርስን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓምድ የሚሞላው ወይም ባዶ የሚቀረው በተመላላሽ ክፍላችን ውስጥ ነው።

ቋንቋችን ለስሜት ቃል አላነሰውም። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ተከዝኩ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ተሰበረ የሚል ሕዝብ የስሜቱን ደረጃና ዓይነት ጠንቅቆ የሚለይ ነው። ችግሩ ቃሉን የመጠቀም ፈቃድ ለሁሉም እኩል አለመሰጠቱ ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገ፣ የደረሰበትንም ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘ ሰው፣ ወደ ሐኪም ሲመጣ ጨጓራውን፣ ራስ ምታቱን ወይም እንቅልፍ ማጣቱን ይናገራል። በሌላ በኩል ይደብርዎታል ወይ ብሎ መጠየቅም አይበቃም፤ በዕለት ንግግር ደበረኝ ማለት ሰለቸኝ ማለትም ስለሆነ ሕመምተኛው የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ስለሆነም ጥያቄያችን ቀድሞ ከሚነገረው ቢጀምር መልካም ነው። እንቅልፉ እንዴት ነው? ሥራው ላይ ምን ተለወጠ? ከወትሮው ይልቅ በቤቱ ቶሎ ይቆጣል? መጠጡ ጨምሯል? የሚወደውን ነገር ከተወ ስንት ጊዜ ሆነው? ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት የስሜት ቃላትን አቅርቦ የትኛው እንደሚቀርበው መጠየቅ ይቻላል። ሠንጠረዡን ለመሙላት የሚቸገር ሕመምተኛ በሁለተኛው ዓምድ መጀመሪያ በአካሉ የተሰማውን፣ ደረቱ መክበዱን ወይም እጁ መጨበጡን ይጻፍ፤ የስሜቱ ስም በኋላ ይመጣል። ስሜቷን አብዝታ ለምታብሰለስል ሕመምተኛ ደግሞ ተጨማሪ ንግግር ሳይሆን፣ ዛሬ ልትወስደው የምትችለው አንድ ትንሽ እርምጃ ይፈለግላት። የትኛውም ሕመምተኛ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። መጠየቅ ሃሳቡን እንደማያመጣው በጥናት የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ብዙዎችን ያሳርፋል።

ማጠቃለያ

ዶክተር አሮን ቤክ በ2021 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ከሕልም ጥናት የጀመሩት ሥራ በዓለም ላይ በስፋት ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ሆኖ ነበር። የ60 ዓመቱ ታሪክ ሁለት ነገሮችን አብሮ ያስተምራል። ሕክምናው ከመጡት መካከል ወንድ ሴት ሳይል ይጠቅማል፤ ነገር ግን መምጣቱ ራሱ ስሜትን በስም ከመጥራት ይጀምራል። በጎትላንድ ሐኪሞች ሠልጥነው፣ መድኃኒቱም ኖሮ፣ ወንዶቹ ግን የሞቱት ሐዘናቸው ሐዘን የማይመስል ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለውን ሐዘን የመለየት ኃላፊነት በሕመምተኛው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው መርምሮ ምንም ያላገኘ ሐኪም፣ መድኃኒት ጽፎ ከማሰናበቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ንዴቱና ስለ ቤቱ ቢጠይቀው ሕክምናው በዚያው ተጀመረ ማለት ነው።